የቁርቁራው አስራ ዘጠኝ

ሰው ተጣልቶ ቢለያይ ወግ ነው። ሳይጣሉ፣ ሳይካካዱ፣ እየተፈላለጉ ዓመት ሙሉ መለያየትን ግን ምን ይሉታል? ማስተዋል ስንሻው ይህ ጥያቄ የመጣባት መጋቢት ዘጠኝ ቀን ከቀትር በኋላ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጥያቄም አልነበራት። ከዳኝ ብላ ነገሩን ዘግታ፣ ቁልፉንም ወርውራ ነበር።

የገንዳ ውሃ ከተማ ሙቀት ሰውን ሁሉ ከመንገድ አባሮታል። ማስተዋል የጤና ጣቢያ ተራዋን ጨርሳ፣ ነጭ ጋዎኗን በክንዷ አንጠልጥላ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ልትጠጣ ጓደኛዋ ኩብራ ሱቅ ገባች። ኩብራ የሱዳን ሽቶ፣ ሳሙና፣ ጨርቅና ሻማ የምትሸጥ፣ ምላሷ የተሳለ ሆዷ ግን የራራ ነጋዴ ናት። ወንድሟ ሙነወር በየሳምንቱ ድንበር ተሻግሮ ዕቃ ያመጣል። አምና ደብዳቤም ያመጣ ነበር።

ከማስተዋል ቀድመው የገቡ አንዲት የገጠር ሴት ባንኮኒው ላይ ተደግፈዋል። ወይዘሮ ባየሽ ይባላሉ።

«ሃያ ሻማ ስጭኝ ልጄ። ለአስራ ዘጠኙ ነው» አሉ።

ማስተዋል ፈገግ አለች። «እማማ፣ ቀን ጠፍቶብዎታል። ነገ እኮ አስር ነው።»

«ለእናንተ ነዋ! ለእኛ ለቁርቁራ ዮሴፍ ነገ አስራ ዘጠኝ ነው። ካቶሊኮች ነን። የድሮዎቹ አባቶች በሱዳን በኩል በግመል መጥተው ያን የድንጋይ ቤት ሲሠሩ፣ በዓሉን በዚያው አገር ቆጠራ ተከሉት። እኛም መጋቢት አስራ ዘጠኝ እያልን አደግን፣ መጋቢት አስራ ዘጠኝ እያልን ሸበትን። አስር የሚለው የለም።»

ኩብራ ከጀርባዋ ወደተሰቀለው የዐረብኛ የቀን መቁጠሪያ ዞር አለች። «ወላሂ እውነታቸውን ነው። ሱዳኖች በሚሠሩበት በፈረንጅ ቆጠራ የእነሱ መጋቢት ነገ አስራ ዘጠኝ ነው። እኔስ ዕቃ የማዘው በዚህ አይደል?»

የማስተዋል የውሃ ብርጭቆ ከአፏ ሳይደርስ ቆመ።

ደብዳቤውን በቃሏ ታውቀዋለች። ፍቅረኛዋ አዛናው ከገዳሪፍ እርሻ፣ ስልክ ከማይሠራበት ሜዳ፣ በሙነወር እጅ የላከው የመጨረሻው ደብዳቤ ነው። «ካህኑ ፈቅደዋል። መጋቢት አስራ ዘጠኝ፣ በበዓሉ፣ ቁርቁራ ዮሴፍ ስማችን ይጠራል። ከምዕራቡ በር እጠብቅሻለሁ» ይላል። እሷም ለአባቷ ዋሽታ፣ መጋቢት አስራ ዘጠኝን ራሷ በምታውቀው ቆጠራ ቆጥራ ሄደች። በዓል የሚባል ነገር አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቷል፣ ሜዳው ባዶ ነው፣ ጠባቂ እንኳ የለም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ከተዘጋው በር ፊት ተቀምጣ፣ ቀለደብኝ ብላ ተመለሰች።

«አምናማ» አሉ ወይዘሮ ባየሽ ሻማውን በነጠላቸው እየቋጠሩ፣ «አምናማ አንድ ምስኪን ልጅ አሳዘነን። የለተሥላሴ ልጅ፣ አዛናው። እኛ ዘንድ ካህን የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ ማግባት የፈለጉ ሁሉ በዚያ ቀን ስማቸው ሦስት ጊዜ ተጠርቶ፣ ሁለቱም ተነሥተው በሕዝብ ፊት ይቆማሉ። እሱ ተነሣ። ሴቲቱ የለችም። የባለሀብት ልጅ ናት አሉ። ንቃው ነው እንጅ ሌላ ምን አላት?»

ኩብራ ዓይኗን ከጓደኛዋ ላይ መንቀል አቃታት።

«ስማቸው ለአንድ ዓመት ይቆያል» ቀጠሉ ሴትዮዋ። «ነገ እንደገና ይጠራል። ሁለቱም አብረው ካልቆሙ መዝገብ የሚይዘው መምህር በብዕር ይሰርዘዋል። የተሰረዘ ደግሞ ሁለተኛ አይጻፍም። በሉ እንግዲህ ዋሉ።»

ሴትዮዋ ወጡ።

«አንች ልጅት» አለች ኩብራ ቀስ ብላ። «የቀን ስሕተት ነው እኮ! የቀን ስሕተት ብቻ!»

የቀን ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማስተዋል ባላለቀሰች። አምና ከባዶው ሜዳ በተመለሰች ማታ እዚችው ባንኮኒ ላይ ተደፍታ መልስ ጽፋ ነበር። «ከእንግዲህ ስሜን አታንሣ። እኔ መቀለጃ አይደለሁም።» ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ያዋሰቻት ኩብራ ነበረች። ብቻውን ቆሞ ለተመለሰ ሰው፣ ቁስሉ ገና ሳይደርቅ ያ ወረቀት ደረሰው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው፤ አብደራፊ ትራክተር ይጠግናል ከሚል ወሬ በቀር ዱካው ጠፍቷል።

«ነገ እሄዳለሁ» አለች ማስተዋል እንባዋን በጋዎኗ ጠርጋ።

«እሱ ባይመጣስ?»

«እሱ ብቻውን ቆሟል። እኔም ብቻዬን እቆማለሁ።»

ኩብራ ከመደርደሪያው አንድ ትልቅ ሻማ አውርዳ በጓደኛዋ እጅ አስጨበጠቻት።

እንዴት እንደተዋወቁ ለማያውቅ አንባቢ፣ ነገሩ ሞተር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሰሊጥ አጨዳ ወቅት የአባቷ እርሻ ላይ ወባ ገብቶ፣ ሳሉጎቹን፣ ከደጋ የወረዱትን የቀን ሠራተኞች፣ ልታክም ሄዳ ነበር። የበሽተኛውን ልብ በማዳመጫዋ ልትሰማ ብትሞክር የውሃ መሳቢያው ሞተር እየጮኸ አላሰማ አላት። «ኧረ ይህን ነገር አጥፉልኝ!» ብላ ጮኸች። እጁ በግራሶ የተለወሰ መካኒክ ከሞተሩ ጀርባ ብቅ አለ። ራሱ አላጠፋውም። «ነይ ሲስተር፣ አንች አጥፊው። ልብ መስማት ስትፈልጊ ይችን ነው የምትጫኛት» ብሎ አንዲት ቀይ እጀታ አሳያት። ተጫነቻት፤ ሜዳው ዝም አለ። ያን ቀን የሰማችው የበሽተኛውን ልብ ብቻ አልነበረም።

አባቷ አቶ ስንሻው ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከሰሊጥ መጋዘናቸው ፊት ወንበር አስወጥተው ይቀመጣሉ። በዚያው ምሽት ማስተዋል ሠራተኞቹ እስኪበተኑ ጠበቀችና ፊት ለፊታቸው ቆመች። ይህን ዓመት ሙሉ አንዴም ፊት ለፊት ቆማ አታውቅም ነበር።

«አባየ፣ ነገ ቁርቁራ ዮሴፍ ልሄድ ነው። ከአዛናው ጋር ልንጋባ ስማችን የሚጠራው እዚያ ነው። አምና ዋሽቼዎት ሄጃለሁ። ዘንድሮ አልዋሽዎትም።»

አቶ ስንሻው መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ያ ትራክተር ጠጋኝ?»

«ያ ትራክተር ጠጋኝ።»

«ደብሩ ሌላ፣ ኑሮው ሌላ። ለመሆኑ ምን ጎድሎብሽ ነው? ሐኪም ነሽ፣ የጨዋ ልጅ ነሽ። ይህን ሁሉ ያፈራሁት ለማን ነው?»

«እርስዎ ከጎጃም ሲወርዱ በእግርዎ ነበር፣ በእጅዎ የነበረው ማጭድ ብቻ ነው። ራስዎ ነዎት የነገሩኝ። እማየ ያን ጊዜ ምን ጎድሎባት ነው እርስዎን ያገባች?»

አባትየው ፊታቸው ተለዋወጠ። የሞተችው ሚስታቸው ስም በዚያ ቤት እንዲህ በቀላሉ አይነሣም። ድምፃቸው ሲመለስ ዝግ ብሎ ነበር።

«ስሚ ልጄ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ዓመት ሙሉ ተቀምጬ ነው የታጠቅሁት፣ አባየ።»

«መኪናዬ አይወስድሽም። ሹፌርም አላዝም። ብትሄጅ በእግርሽ ነው!»

«በእግሬ እሄዳለሁ።»

እጃቸውን ስማ ወደ ጓዳ ገባች። አልረገሟትም፤ አልመረቋትምም።

ሲነጋጋ ወጣች። የግቢው በር ላይ የአባቷ ትልቅ ጥቁር ጥላ ተሰቅሎ አገኘችው። አቶ ስንሻው ያን ጥላ ለማንም አያውሱም፤ ትናንት ማታ ደግሞ ከአልጋቸው ራስጌ ነበር። ወደ መስኮታቸው ዞር ብላ አየች። መጋረጃው ተዘግቷል። ጥላውን አንሥታ ደረቷ ላይ አስጠጋችና ያን ቀን የመጀመሪያውን እንባ አነባች።

የተሳፈረችበት ባጃጅ ከአስፋልቱ መገንጠያ አወረዳት። ከዚያ በኋላ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ከገለጉ በጭነት መኪና ሲጓዙ ያደሩ፣ ከአብደራፊ የመጡ፣ ከጎንደር የወረዱ ምእመናን እየዘመሩ ይጓዛሉ። ጥቁሩ አፈር በበጋው ተሰነጣጥቋል፤ የታጨደው የሰሊጥ ጉቶ ጫማ ይወጋል። ማስተዋል ዘማሪዎቹን ስታልፍ፣ ከፊት ብቻቸውን የሚሄዱ ረጅም ሴት ላይ ዓይኗ ዐረፈ። ዞር ሲሉ ግንባራቸው የአዛናው ግንባር ነው። እናቱ መሆናቸውን ማንም ሳይነግራት አወቀች።

ደረሰችባቸውና ጥላውን ከራሳቸው በላይ ዘረጋች። «እማማ ለተሥላሴ፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

«ማስተዋል ነኝ።»

ሴትዮዋ አልቆሙም። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብለው ከጥላው ወጡና በፀሐዩ መሄድ ቀጠሉ። «ማስተዋል የምትባል ሴት አላውቅም» አሉ ፊት ለፊት እያዩ። «አምና ስሟ ሲጠራ አልተነሣችም።»

ማስተዋል ተከትላ ጥላውን ዘረጋችላቸው። እርሳቸው እንደገና ወጡ። እንዲያ እየሆኑ፣ አንዷ እያጠለለች ሌላዋ እየሸሸች፣ ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። የደብዳቤውን ቀን ነገረቻቸው፤ ባዶውን ሜዳ ነገረቻቸው፤ በንዴት የጻፈችውንም አልደበቀችም።

«አንደበት መልካም ነው» አሉ እማማ ለተሥላሴ። «ሁሉም ከዋለ ካደረ በኋላ ምክንያት አያጣም። መምጣትሽን በምን ልመን?»

ማስተዋል አሰበች። ምስክር አልነበራትም። ያኔ ያያት ሰው የለም። ያ የተዘጋ በር ብቻ ነው።

«የምዕራቡ በር» አለች ድንገት። «መዝጊያው ተሰብሮ በሽቦ ታስሮ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሳየው ዋልሁ። ሰባት ጊዜ ተጠምዝዟል፤ ጫፉ ሰው እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ታጥፏል።»

እማማ ለተሥላሴ ቆሙ። ከኋላ የሚመጡት ዘማሪዎች ደረሱባቸው፣ አለፏቸው፤ እርሳቸው አልተንቀሳቀሱም።

«ያን ሽቦ ያሰረው እሱ ነው» አሉ በመጨረሻ። «በበዓሉ ማግሥት። ሁሉም ሄዶ እሱ አልሄድም አለ። ልትመጣ ትችላለች እያለ ሦስት ቀን ዋለ። ሥራ የፈታ እንዳይመስል በሩን ጠገነ።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ልጆቼ፣ ልጆቼ! ጥፋቱስ የእኔ ነው። በቤቴ አስራ ዘጠኝ እንጅ አስር ሲባል ሰምቶ አያውቅ፤ ከየት አምጥቶ ይጻፍ?»

ከዚያ ጥላው ሥር ገቡ። ትከሻቸው የማስተዋልን ትከሻ ነካ።

«ዛሬ መጥቷል?» አለች ማስተዋል። ይህን ለመጠየቅ መንገዱን ሙሉ ስትፈራ ነበር።

«መጥቷል። ለሕዝቡ ውሃ የሚስበው እሱ ነው። ነገር ግን ቅጥሩን አልረግጥም ብሏል። ስማችን ሲሰረዝ ጆሮዬ መስማት የለበትም አለኝ።»

ያን ስትሰማ ልቧ በአንድ ጊዜ ደስም አለው፣ አዘነም።

ቁርቁራ ዮሴፍ ጉብታ ላይ የቆመ፣ ግድግዳው ከወንዝ ድንጋይ የተሠራ፣ አንድ መቶ ሰው እንኳ በቅጡ የማይዝ ጥንታዊ ቤት ነው። በበዓሉ ቀን ሕዝቡ በውጭ፣ ከቁርቁራው ዛፎች ሥር ይቀመጣል። ቅዳሴው አልቆ፣ ሕዝቡ ሻማውን ይዞ ዞሮ፣ ካህኑ መምህር ገብረማርያምን መዝገቡን አምጣ ሲሉት፣ ከጉብታው ሥር፣ ከወንዙ ዳር፣ የውሃ ሞተር ድምፅ ተነሣ። ዱግ ዱግ ዱግ እያለ ጸሎቱንም ወሬውንም ዋጠው።

የዘንድሮዎቹ ሁለት ጥንዶች ተጠርተው ቆሙ። እልል ተባለ፤ ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ነው። ከዚያ መምህር ገብረማርያም ገጽ ወደ ኋላ ገለጠ፤ ድምፁ ቀነሰ።

«ከአምና የቆየ። አዛናው ዳኛውና ማስተዋል ስንሻው።»

ማስተዋል ተነሣች።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ወይዘሮ ባየሽ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ፊቷ ይነዳል፤ ይህን ሁሉ ዓይን አምና እሱ ብቻውን እንዴት ቻለው? ስለ እሱ ያን ያህል አዝና አታውቅም።

«አዛናው ዳኛውና ማስተዋል ስንሻው» አለ መምህሩ ሁለተኛ። ከወንዙ የመለሰው ሞተሩ ብቻ ነው። መምህሩ ብዕሩን ከኪሱ አወጣ።

«አባ» አለች ማስተዋል። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «ሦስተኛውን ሳይጠሩ ትንሽ ይታገሡኝ። ልሂድና ላምጣው።»

«ልጄ፣ ሥርዓት አለን» አለ መምህር ገብረማርያም። «የቆመ ከቦታው አይነቃነቅም።»

«የጠራችሁት ሰው አልሰማም እኮ መምህር! ሰው ሳይሰማ እንዴት ይሰረዛል?»

ካህኑ መምህሩን አዩት፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ጣታቸውን ገጹ ላይ እንዳደረጉ መዝገቡን ከደኑት። «እኛ አንድ ጸሎት እናደርሳለን» አሉ። «ረጅም ጸሎት ግን አይደለም።»

እማማ ለተሥላሴ ጥላውን ተቀበሏት። «የአባትሽ ነው?»

«አዎን።»

«እኔ ራሴ ቤቱ ድረስ ሄጄ እመልሰዋለሁ። ሂጅ!»

ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደች። አዛናው ጀርባውን ለጉብታው ሰጥቶ፣ በሁለት እግሩ ቁጢጥ ብሎ ቱቦውን ይዟል። ከስቷል። ታንከሩ ከሞላ ቆይቷል፤ ውሃው በአፉ ሞልቶ በከንቱ ይፈስሳል፣ ሞተሩ ግን ይጮሃል። ለውሃ ብሎ እንዳላስነሣው አሁን ገባት። ስለዚህ አልጠራችውም። ብትጠራውም አይሰማም። ቀዩን እጀታ ፈልጋ አገኘችና በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው።

ወንዙ ዝም አለ።

«ማነው ያጠፋው?» አለ ሳይዞር፣ በቁጣ።

«ልብ መስማት ስትፈልጊ ይችን ተጫኛት ብለኸኝ ነበር።»

ቀስ ብሎ ዞረ፤ አያት፤ ከተቀመጠበት ግን አልተነሣም። ዓይኑ ውስጥ ናፍቆትና ቂም አብረው ነበሩ።

«ደብዳቤሽ ደርሶኛል» አለ። «አሁን ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«ሆዴ ብሶኝ ነው የጻፍሁት። ልትቀየመኝ ትችላለህ፤ ይገባሃል። ግን አልናቅሁህም፣ አዛናው። አንድም ቀን ንቄህ አላውቅም።»

«ብቻዬን ነው የቆምሁት፣ ማስተዋል። በእናቴ ፊት።»

«እኔም ብቻዬን ተቀምጫለሁ። በእኛ መጋቢት አስራ ዘጠኝ። በሽቦ ካሰርኸው በር ፊት። ሰባት ጊዜ ነው የጠመዘዝኸው።»

አዛናው በግራሶ የጠቆረ ጣቱን አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረ፤ ከአስር እስከ አስራ ዘጠኝ ቆጠረ። ዘጠኝ ቀን። ሲጨርስ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ለእናንተ አስር መሆኑን አልጻፍሁልሽም?»

«አልጻፍህልኝም።»

«ሦስት ቀን ጠብቄሽ... አንች ደግሞ...» ቃሉ ተቋረጠ። ያ ዓመት ሙሉ የያዘው ፊት ተሰበረና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከጉብታው ላይ ሕዝቡ በድንጋዩ አጥር ተደርድሮ ቁልቁል ያያል። የመምህር ገብረማርያም ድምፅ ጥርት ብሎ ወረደ። ያን ድምፅ የሚሸፍን ሞተር አሁን የለም።

«ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ! አዛናው ዳኛውና ማስተዋል ስንሻው!»

አዛናው እጆቹን አየ። «በዚህ እጅ?»

«ከመጀመሪያም በዚሁ እጅ ነው የማውቅህ። ተነሣ።»

ተነሣ።

«ቆመናል!» ብላ ማስተዋል ወደ ጉብታው ጮኸች። ከላይ መጀመሪያ የመጣው የእማማ ለተሥላሴ እልልታ ነው፤ ሌላው ተከተለ። እሷ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አልሰማችም። ግራሶውን ሳትጠየፍ ጆሮዋን ደረቱ ላይ ጣል አድርጋ ነበር። ማዳመጫዋን ገንዳ ውሃ ትታው መጥታለች፤ አላስፈለጋትም።